አዲስ ኮምፒውተር ሲበላሽ፦ «የአንድ ዓመት ዋስትና» የት ድረስ ያስኬዳል?

አዲስ ላፕቶፕ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ለብዙ ቤተሰቦች የወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ የሚጣደፍ ተማሪ፣ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠራ ባለሙያ ወይም የሱቋን ሒሳብ በማሽኑ የምትይዝ ነጋዴ፣ ዕቃው በገባ በሳምንቱ አልነሣ ሲላቸው የሚያጡት ገንዘባቸውን ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ተስፋ በካርቶኑ ውስጥ የተገኘችው ትንሽ ወረቀት ትሆናለች። «የአንድ ዓመት ዋስትና» ትላለች። ዋስትናውን ማን እንደሰጠው፣ በየትኛው አገር እንደሚሠራና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ግዴታ

በገበያ «ዋስትና» ወይም «ዋራንቲ» የሚባለው ነገር ሦስት መልክ አለው። ሦስቱን አለመለየት ለብዙ እንግልት ምክንያት ይሆናል።

የመጀመሪያው ሱቁ በራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። በደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ የሚጻፈው «3 ወር» ወይም «6 ወር» የሚያስገድደው ሻጩን ብቻ ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ ወይም ቦታ ሲቀይር ቃሉን የሚጠብቅ ሰው አይገኝም። ሁለተኛው አምራቹ ኩባንያ የሚሰጠው ነው። ይህኛው ከማሽኑ መለያ ቁጥር ጋር ተያይዞ በአምራቹ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ ለግል ተጠቃሚ በሚሸጡ ላፕቶፖች ላይ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ተብለው በሚመረቱት ላይ ደግሞ ሦስት ዓመት የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስተኛው በካርቶኑ ውስጥ የለም። ሻጭ ጉድለት የሌለበትን ዕቃ የማስረከብ ግዴታ እንዳለበት የሚደነግገው የአገር ሕግ ነው።

ልዩነቱ የሚገለጠው ገዢው የተበላሸውን ማሽን ተሸክሞ ሲመለስ ነው። ሻጩ «ይህ የፋብሪካ ችግር ነው፤ አምራቹን ጠይቁ» ሊል ይችላል። የአምራቹ ወኪል ደግሞ «ይህ ማሽን በእኛ በኩል አልገባም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለየራሳቸው ዋስትና እንጂ በሕግ ስለተጣለው ግዴታ አይደለም። ሕጉ በመጀመሪያ የሚያውቀው ገንዘቡን የተቀበለውን ሻጭ ነው።

ማሽኑ የተመዘገበው በየት አገር ነው?

በአዲስ አበባ ቦሌና መርካቶ ወይም በናይሮቢ የሉቱሊ ጎዳና የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በሁለት መንገድ ይገባሉ። አንዱ አምራቹ በሚያውቀው አከፋፋይ በኩል ነው። ሌላው ከባሕር ማዶ ጅምላ ሻጮች ተገዝቶ፣ አንዳንዴም በመንገደኛ ሻንጣ ተይዞ የሚመጣው ነው። ከዚህኛው ብዙው በዱባይ በኩል ያልፋል፤ በቡር ዱባይ የሚገኘው የኻሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና «የኮምፒውተር ሠፈር» ተብሎ የሚታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሁለተኛው መንገድ የመጣ ማሽን ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ዋጋውም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በአምራቹ መዝገብ ላይ ለሌላ አገር ገበያ የተላከ ሆኖ መስፈሩ ነው። እንደ ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ ያሉ ኩባንያዎች ከተገዙበት አገር ውጭም የሚጠገኑ ምርቶች አሏቸው። ሆኖም ይህ በሁሉም ሞዴልና በሁሉም አገር የሚሠራ አይደለም፤ ያ ሞዴል ባለቤቱ በሚኖርበት አገርም አገልግሎት የሚሰጥበት መሆን አለበት። በዴል ማሽኖች ላይ ያለው ሰባት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የአገልግሎት መለያ ለምሳሌ ወደ አዲስ ባለቤትና ወደ አዲስ አገር እንዲዛወር ማመልከት ይቻላል። ይህን ማድረግ የሚሻለው ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ነው፤ ከተበላሸ በኋላ ዝውውሩን መጠበቅ ራሱን የቻለ መዘግየት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለማጣራት ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። መለያ ቁጥሩ በካርቶኑ ላይና በማሽኑ ሆድ ላይ ታትሟል፤ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። ቁጥሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ በስልክ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሲገባ የሞዴሉ ስምና ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ይወጣል። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ የሚሰጠውን ዋስትና ዋጋ ከወዲሁ ተናግሯል ማለት ነው።

ቀኑ ራሱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ገዢው ትናንት የገዛው ማሽን በመዝገቡ ላይ የቀረው ሰባት ወር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አምራቹ ማሽኑ ለመጨረሻ ገዢ መቼ እንደተሸጠ ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ቆጠራውን የሚጀምረው ዕቃው ወደ አከፋፋይ ከተላከበት ቀን ነው። በመጋዘን፣ በወደብና በመደርደሪያ ላይ ያለፉት ወራት ከዋስትናው ላይ ይቀነሳሉ። ይህ ግን ሊታረም የሚችል ስሕተት ነው፤ የግዢው ቀን የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ ለአምራቹ ሲላክ ቀኑ የሚስተካከልበት አሠራር አለ። ደረሰኝ ከሌለ ግን መዝገቡ ያለው እንዳለ ይቀራል።

«በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?»

በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ የምትከተለው ይህች ጥያቄ ናት። 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ በውድ ዕቃ ላይ ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ፣ ያለ ደረሰኝ መግዛት ለሸማቹ የተደረገ ቸርነት ይመስላል። ደረሰኝ አለመስጠት ሕገ ወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ገዢው በዚያ ቅናሽ የሸጠው ነገር ማስረጃውን ነው። ዕቃው ከዚያ ሱቅ መገዛቱን፣ መቼ እንደተገዛና ስንት እንደተከፈለበት የሚመሰክርለት ሌላ ወረቀት የለውም። ከትክክለኛው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ደረሰኝም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ገንዘብ ይመለስ ቢባል ሻጩ የሚጠቅሰው የተጻፈውን ቁጥር ነው።

ደረሰኙ በአግባቡ የተቆረጠ እንኳ ቢሆን ሁለት ጥንቃቄዎች አይጎዱም። አንደኛው የማሽኑ መለያ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ወይም በተያያዘ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ነው፤ «ላፕቶፕ 1» የሚል ደረሰኝ የትኛውን ላፕቶፕ እንደሚመለከት አይናገርም። ሁለተኛው ፎቶ ማንሣት ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ከወራት በኋላ ደብዝዞ ባዶ ነጭ ቁራጭ ይሆናል።

ሕጎቹ ምን ይላሉ?

በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃውን በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም ዋጋውን እንዲመልስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለሸማቹ የተሻለ የሚጠቅም ዋስትና ወይም ውል ካለ ደግሞ እርሱ የተጠበቀ ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ ላፕቶፑን ለልጅ ልደት ወይም ለትምህርት መክፈቻ ብሎ ሳይከፍት ያስቀመጠ ሰው ይህን መብት በካርቶኑ ውስጥ ያሳልፈዋል።

ከ15 ቀኑ በኋላ ግን ሁሉ ነገር አበቃ ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚደነግግበት ክፍል ሻጩ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። በምላሹ ገዢውን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፤ ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ። ካስታወቀ በኋላ መብቱን የሚጠይቅበት የአንድ ዓመት ጊዜ አለው። ማስታወቂያው በቃል ብቻ ከሆነ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ቀን ያለው የጽሑፍ መልእክት በስልክ የተላከ እንኳ ቢሆን ከምንም ይሻላል።

በኬንያ መብቱ ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል። እ.አ.አ በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ሸማቾች ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃ የማግኘትና በጉድለት ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እ.አ.አ በ2012 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ደግሞ ሻጩ ምንም ባይጽፍ እንኳ ዕቃው ለገበያ የሚበቃ ጥራት እንዳለው ዋስ እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ ሸማቹ መብቱን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርምም ፊርማው አያስረውም። በኡጋንዳ ተመሳሳዩ ጉዳይ እ.አ.አ በ2017 በወጣው የዕቃ ሽያጭና የአገልግሎት አቅርቦት ሕግ ይገዛል።

ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ በሱቆች ግድግዳና በደረሰኞች ግርጌ የሚነበበው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ከእነዚህ ሕጎች በላይ አይደለም። ማስታወቂያው ሐሳቡን ቀይሮ ለመጣ ገዢ ሊሠራ ይችላል፤ የማይነሣ ማሽን ለያዘ ገዢ ግን መልስ አይሆንም።

መለወጥና ገንዘብ ማስመለስ በወረቀት ላይ እኩል ቢመስሉም በኪስ ውስጥ እኩል የማይሆኑበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊት ላፕቶፕ ገዝቶ ከዚያ በኋላ የከፈለውን ብር የተመለሰለት ሰው በዚያው ገንዘብ ተመሳሳይ ማሽን ሊገዛ አይችልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ገዢው መጠየቅ ያለበት ቅያሬን ነው፤ ሻጩ ገንዘብ ልመልስ ለማለት የሚቸኩለውም አንዳንዴ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ ማሽን ካደገ ልጅ ይልቅ እንደ አራስ መታየት አለበት። ብዙዎቹ የፋብሪካ ጉድለቶች የሚወጡት ገና በጅማሬው ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ማሽኑን ማስጨነቅ ያዋጣል። ባትሪውን እስኪያልቅ ተጠቅሞ መሙላት፣ ለሰዓታት ማሠራት፣ ሁሉንም የገመድ መሰኪያዎች፣ ካሜራውን፣ ድምፁንና ዋይፋዩን መሞከር ያስፈልጋል። አምራቾች በማሽኑ ውስጥ የራሳቸውን መመርመሪያ ያስቀምጣሉ። ዴል ላይ ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 2ን በመጫን ይገኛል። መመርመሪያው ጉድለት ሲያገኝ የስሕተት ቁጥር ያወጣል፤ ያ ቁጥር ከሻጩ ጋር ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ክርክር የበለጠ ይሠራል።

ማሽኑ በእርግጥ አዲስ መሆኑን የሚያጋልጠው ባትሪው ነው። የባትሪ ሪፖርት ስንት ጊዜ እንደተሞላና ከተሠራበት አቅም ስንቱ እንደቀረው ያሳያል። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ላፕቶፕ መቶ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ይዞ ከተገኘ፣ ጉዳዩ የጥገና ሳይሆን ያገለገለ ዕቃን አዲስ ብሎ የመሸጥ ነው።

ስክሪን ላይ አንድ የሞተች ነጥብ ማየት ግን ሁልጊዜ አያስለውጥም። ስንት ነጥብ ሲጠፋ ስክሪኑ ጉድለት አለበት እንደሚባል የሚወስን ዓለም አቀፍ ደረጃ ስላለ፣ ብዙ አምራቾች ጥቂት ነጥቦችን በዋስትና አይሸፍኑም። ይህን የሚሸፍነው የሱቁ ፈቃደኝነት ነው፤ ፈቃደኝነቱም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ማሽኑ ለጥገና ሲሰጥ

አስቸጋሪው ጉድለት የሚመጣና የሚሄደው ነው። ቤት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ የተነሣ ማሽን ጥገና ማዕከሉ ሲደርስ እንደ ጨዋ ይሠራል፤ «ችግር አልተገኘበትም» ተብሎም ይመለሳል። ችግሩ ሲከሠት በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ቀኑንና በዚያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር መጻፍ ለባለሙያው እውነተኛ መነሻ ይሰጠዋል። «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ከ40 ደቂቃ በኋላ ቻርጀር ላይ እያለ ይጠፋል» ማለት ሥራውን ያሳጥራል።

ርክክቡ በጽሑፍ መሆን አለበት። መለያ ቁጥሩ፣ የተነገረው ችግር፣ አብሮ የተሰጠው ቻርጀር፣ በማሽኑ አካል ላይ የነበረ ጭረትና የተረከበው ሰው ስም የሌለበት ወረቀት በኋላ ለሁለቱም ወገን ጭቅጭቅ ነው። የ15 ቀኑ ጊዜ እየሮጠ ሳለ «ትተኸው ሂድ፣ እናየዋለን» የሚል ቃል ብቻ ይዞ መውጣት በተለይ አደገኛ ነው።

ከማሽኑ በላይ ውድ የሆነው በውስጡ ያለው ነው። የአምራቾች ዋስትና ማሽኑን እንጂ ፋይሎቹን አይመለከትም። ጥገናው ዲስክ መቀየርን ከጠየቀ፣ ቀድሞ ያልተገለበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሠርግ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። በአዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት አንድ ወጥመድ አለ። ዲስኩ ባለቤቱ ሳያስተውል ሊመሠጠር ይችላል፤ ማዘርቦርዱ ከተቀየረ በኋላ ማሽኑ 48 አኃዞች ያሉት የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ማሽኑ መጀመሪያ ሲከፈት በገባው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው የሱቁ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ያለው በሱቁ ሠራተኛ እጅ ነው። ላፕቶፑን ባለቤቱ ራሱ በራሱ አድራሻ መክፈት ያለበት ለዚህ ነው።

ዋስትናው የማይደርስባቸው

የፈሰሰ ቡና፣ የወደቀ ማሽንና የተሰነጠቀ ስክሪን በተለመደው ዋስትና አይሸፈኑም። በዚህ አካባቢ ለክርክር የሚዳርገው ሌላው ምክንያት መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል መወራጨት ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል፤ አምራቹም ይህን የአጠቃቀም ጉዳት ይለዋል። የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ላይ የሚያስፈልገው የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ነው። ቮልቱ በእጅ የሚመረጥበት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን በ115 ላይ እንደተቀመጠ ከተሰካ በሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ዋስትና የለም።

ብዙ ሱቆች «ከተነሣ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ተለጣፊ በማሽኑ ላይ ይለጥፋሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.አ.አ በ2018 እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጠቀሙ ስድስት ኩባንያዎችን አስጠንቅቋል፤ መሠረቱም እ.አ.አ በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ ነበር። ያ ሕግ አዲስ አበባ ወይም ካምፓላ ድረስ አይመጣም። በሌለበት አገር ተለጣፊውን አለመንካትና ማሽኑን መጀመሪያ ለሠፈር ጠጋኝ አለማስከፈት ክርክር ያስቀራል።

ከውጭ የተላከ እንደሆነ

ከዘመድ በስጦታ የመጣ ላፕቶፕ ዋስትናው በላኪው እጅ ይቀራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የገዛ ሰው በሻጩ ላይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው፤ በመጀመሪያው ዓመት ለሚታይ ጉድለት ማሽኑ ሲሸጥ ጤነኛ እንደነበር የማስረዳት ሸክሙ በሻጩ ላይ ነው። ይህን ጠንካራ መብት መጠየቅ የሚችለው ግን ደረሰኙ በስሙ ያለውና እዚያው ያለው ዘመድ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ከስጦታው ጋር ተጠቅልሎ ከመላክ ይልቅ እዚያው ቢቀመጥ፣ ቅጂው ብቻ ቢመጣ ይሻላል።

ማሽኑን መልሶ መላክም የራሱ እንቅፋት አለው። ያበጠ ወይም ጉዳት የደረሰበት የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን መጫን ክልክል ነው፤ በሻንጣም በጭነትም አይሄድም። ጤነኛ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከመንገደኛ ጋር ሲሄድ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይመረጣል። ለጥገና የወጣ ዕቃ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት ከመውጣቱ በፊት መለያ ቁጥሩን በጉምሩክ ማስመዝገብ ይጠቅማል።

ሻጩ እምቢ ሲል

አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው መብት በመጥፋቱ ሳይሆን ቀን ባለመመዝገቡ ነው። መቼ እንደተገዛ፣ መቼ እንደተበላሸ፣ መቼ ለሻጩ እንደተነገረና ሻጩ ምን እንደመለሰ በቅደም ተከተል የያዘ አንድ ገጽ ከደረሰኙ ጋር ሲቀርብ፣ ለሻጩ የበላይ ኃላፊም ሆነ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። በኢትዮጵያ ቀድሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይይዘው የነበረው ሥራ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የኬንያ ሸማች ከዚህ የቀለለ በር አለው፤ የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት እስከ አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ የሚደርስ ጉዳይ የሚያይ ሲሆን፣ ሕጉ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዘዋል። የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ከዚያ ጣሪያ በታች ነው።

ጥገናው ተሳክቶ ማሽኑ ሲመለስ የትኛው ክፍል እንደተቀየረ የሚገልጽ ወረቀት መጠየቅ ተገቢ ነው። አምራቾች በዋስትና ጥገና ላይ አዲስ ሳይሆን የታደሰ ክፍል ሊያስገቡ ይችላሉ። የተተካው ክፍልም የራሱ ጊዜ አለው፤ አፕል ለምሳሌ ከዋናው ዋስትና የቀረውን ጊዜ ወይም 90 ቀን፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይሰጣል። ዋስትናው ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው የተቀየረ ማዘርቦርድ፣ ወረቀቱ ካለ፣ ለሦስት ወር ያህል ዋስ አለው።